«አንቺ ቁጭ በይ» ከማለታችን በፊት

እኩለ ቀን ላይ ከሸዋ በር ገበያ ተነስታችሁ በግምቡ በር ወደ ጀጎል ውስጥ ስትገቡ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የቲማቲሙ፣ የጫቱ፣ የላስቲክ ባልዲው ቀለም ሁሉ ዓይን ይወጋል። የበሩ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ግን ለአፍታ ሁሉም ነገር ይጨልማል። ለእናንተ ይህ የአንድ ሁለት እርምጃ ጉዳይ ነው። ለሰባ ዓመት እናት ግን ጨለማው ይቆያል። ከኋላዋ ሰው ይገፋል፣ ከፊቷ ዘንቢል የተሸከመ ይመጣል፣ እግሯ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚያርፍ አታውቅም። ትቆማለች። የቆመችበትን ምክንያት የሚያውቅ የለም።

እንዲህ ዓይነት ቀን ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ቤት ውስጥ አንድ አባባል ይለመዳል፦ «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፤ እኛ እናደርገዋለን።» (ሐረር ላይ «አንቱ» ብዙም አይሰማም፤ አክብሮቱ በድምፁ ነው።) መጀመሪያ ገበያ ትቀራለች። ቀጥሎ ቡናውን ልጆች ይረከባሉ። ከዚያ አፎቻው ወይም እድሩ ላይ «ተወክላ» ትቀራለች። ዓመት ሳይሞላ፣ ቤቱን ስትመራ የኖረች ሴት ሶፋ ጥግ ተቀምጣ ቴሌቪዥን የምታዳምጥ ሰው ትሆናለች።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው፤ በክፋት የተደረገ ቢሆን ኖሮ እሷም ትከራከር ነበር። ዓይኗ የወሰደባት የሚያየውን ነገር ግማሹን ይሆናል፤ ቀሪውን ግማሽ የወሰድነው እኛ ነን። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህን ቀሪ እይታ ስለማትረፍ ነው። ሙያው ስም አለው፤ የዝቅተኛ እይታ ተሃድሶ ይባላል።

«ስትፈልግ ታያለች»

ዝቅተኛ እይታ፣ ወይም ባለሙያዎቹ አዘውትረው እንደሚጠሩት ‹ሎው ቪዥን›፣ በዓይነ ስውርነትና በጤነኛ እይታ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ እንዲህ ነው፦ በተሻለው ዓይን፣ ተገቢው መነጽር ተደርጎ፣ ሌላው ሰው ከ18 ሜትር የሚያየውን እሷ ከ6 ሜትር እንኳ ማየት ካልቻለች፣ ግን ጭራሽ ካልጨለመባት፣ ዝቅተኛ እይታ አላት። ቁልፉ ቃል «መነጽር ተደርጎ» የሚለው ነው። መነጽር ካስተካከለው፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ከመለሰው፣ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ቁጥሩን እንተወውና ኑሮውን እንይ። ግላኮማ ዳር ዳሩን ነው የሚበላው። ግላኮማው የጠናበት ሰው በቧንቧ ውስጥ አሾልኮ እንደሚያይ ነው፤ መርፌ ላይ ክር ያስገባል፣ ሲነሳ ግን ከበሩ መቃን ጋር ይላተማል። የሬቲና መሃል ሲያረጅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ በጠባብ መንገድ ሳትላተም ትሄዳለች፣ በሦስት እርምጃ ርቀት የቆመውን የልጇን ፊት ግን አትለይም፣ ሰላም ሳትለው ታልፋለች። ስኳር በሽታ ሬቲናውን ሲጎዳ እይታው እዚህም እዚያም ይቦጫጨቃል፣ አንዳንድ ቀን ይሻላል፣ አንዳንድ ቀን ይብሳል።

ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ጋር ነው። «ከመሬት መርፌ ታነሳለች፣ እኔን ግን አላየችኝም ትላለች!» «ጎረቤቷን ዘጋቻት።» «ስትፈልግ ታያለች።» ይህን ቅያሜ ሰምታችሁት ከሆነ፣ ምናልባት የምታወሩት ስለ ፀባይ ሳይሆን ስለ ሬቲና ነው። ጎረቤቷ ራሷ መጥታ «እኔ እገሊት ነኝ» ብላ ብትጀምር ኩርፊያው ግማሽ በግማሽ ይፈታል።

መጀመሪያ የሚድነውን እናድን

ተሃድሶ የሕክምና ምትክ አይደለም። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ እይታ ያለው መሆኑን አሳይቶ ነበር። የሚያስገርመው የዝቅተኛ እይታው ምክንያት ነው፤ 42.3 በመቶው የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ 33.4 በመቶው ደግሞ መነጽር የሚያስተካክለው ችግር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን ስትደምሩ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ማለት ነው። ጥናቱ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አልፎታል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። «እርጅና ነው» ተብሎ የተተወ ዓይን ቀዶ ሕክምና ወይም መነጽር ብቻ ሲጠብቅ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የዓይን ሐኪም። ሐረር ውስጥ ከሆናችሁ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ከሆነው ሕይወት ፋና ወይም ከጁገል ሆስፒታል መጠየቅ ትጀምራላችሁ፤ እንደ ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ልትላኩ ትችላላችሁ። ግላኮማ ከሆነ የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የሚሠራው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። «ጠብታው አልረዳኝም፣ ተውኩት» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ጠብታው የሚረዳው ሳይታይ ነው። እግረ መንገዴን ለእናንተም፦ እናት ወይም አባት ግላኮማ ካለበት፣ ልጆችና ወንድም እህቶች ከአርባ ዓመት በኋላ መመርመር አለባችሁ። በሽታው መጀመሪያ ላይ አያምም፣ አያስታውቅም።

ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ ካደረገ በኋላ የሚናገራት አንዲት ከባድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም።» እሱ የሚናገረው ስለ ዓይኑ ነው። ቤተሰብ የሚሰማው ግን ስለ ሰውየው ነው፤ «አለቀለት» ብሎ ይተረጉመዋል። ተሃድሶ የሚጀምረው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ነው።

አንድ የቆየ ፍርሃትም ከመንገዳችን እናንሳ። ቀሪው እይታ እንደ ሻማ አይደለም፤ ስለተጠቀሙበት አያልቅም። መጽሐፍ አፍንጫ ድረስ አስጠግቶ ማንበብ ዓይን አይጎዳም። ቴሌቪዥኑ ሥር በርጩማ ይዞ መቀመጥም አይጎዳም፤ እንዲያውም ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ምስሉ እጥፍ ይሆናል፣ ያለ ምንም ወጪ። «እናቴ፣ ራቅ በይ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» የምንለው ለልጆች የምንለውን ልማድ ይዘን ነው።

ቤቱን ራሱን መነጽር ማድረግ

በማርኬቲንግ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሰው መደርደሪያ ላይ ዕቃ የሚያየው በቀለም ልዩነት መሆኑን ተምሬያለሁ። ነጭ ካርቶን ነጭ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጡት ለጤነኛ ዓይንም ይጠፋል። ለደከመ ዓይን ደግሞ ቤቱ ሙሉ እንዲህ ነው፤ ነጭ ሳህን ነጭ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ማብሪያ ማጥፊያ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ግራጫ ደረጃ ግራጫ ወለል ላይ። (የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለው የፊደል መጠን ግን በእኛ ሙያ የሚያሳፍር ነው። መድኃኒቱን በብዛት የሚወስዱት አረጋውያን ሆነው ሳለ፣ ጽሑፉን የሚያነበው የሃያ ዓመት ልጅ ነው።)

የሐረሪ ባህላዊ ቤት ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ ነደባዎቹን አትረሱም። ዋናው ክፍል ውስጥ በደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ የሚሉ አምስት መቀመጫ መደቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። ወለሉም መደቦቹም በቀይ አፈር ይቀባሉ። ውበቱ አንድ ወጥ መሆኑ ነው። ለዝቅተኛ እይታ ግን ያ አንድ ወጥ ቀይ ወጥመድ ነው፤ የመደቡ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ፣ የታችኛው የት እንደሚጀምር ዓይን አይለይም። ወጣቷ እግሯን በልማድ ታሳርፋለች። አሮጊቷም በልማድ ታሳርፋለች፣ አንድ ቀን ልማዷ በሁለት ጣት ያህል እስኪስት ድረስ።

መፍትሔው ቤት ማፍረስ አይደለም። የመደቡ ወይም የደረጃው ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ጣት ስፋት ያለው ነጭ ወይም ቢጫ መስመር ይበቃል። ቅርስ ነው፣ ቀለም አይነካም የምትሉ ከሆነ፣ ትክክል ናችሁ፤ ጠርዙ ላይ የሚነሳ ነጭ የጨርቅ ጥብጣብ ወይም ዳሩ ነጭ የሆነ በደንብ የተወጠረ ምንጣፍም ያንኑ ይሠራል። ያልተወጠረ ምንጣፍ ግን ይቅር። ከግምቡ ውጭ፣ አዲስ ቤት ውስጥ የምትኖሩት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፤ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ወለል የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ አይታወቅም። ቀጭን መጋረጃ አንድ መፍትሔ ነው።

ከቀለም ቀጥሎ ብርሃን። የስልሳ ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ምንም በሽታ ሳይኖር ነው። ለእናንተ የበቃ አምፖል ለእሷ ምሽት ነው ማለት ነው። ግን ጣሪያው ላይ ትልቅ አምፖል መስቀል ብዙ አይረዳም፣ እንዲያውም ያንጸባርቃል። ትንሽ መብራት ወደ ሥራው ማቅረብ ነው ብልሃቱ፤ ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሱ ሥራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። መብራቱ ከትከሻዋ ጎን፣ በተሻለው ዓይኗ በኩል፣ አምፖሉ ራሱ እንዳይታያት ተደርጎ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበት ቻርጅ የሚደረግ ፋኖስ ከአልጋዋ አጠገብ ቋሚ ቦታ ይኑረው። «ቋሚ ቦታ» የሚለውን አስምሩበት። ዝቅተኛ እይታ ያለው ሰው ቤት ውስጥ በርጩማ ማንቀሳቀስ መኪና ባልተጠበቀ ቦታ እንደ ማቆም ነው።

ለውጭ ደግሞ ጥላ ያለው ባርኔጣ፣ ወይም ሻሿ ላይ የሚደረብ ግንባር ጋራጅ፣ ከጥቁር መነጽር ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሸዋ በርን ስታልፉ ከጥላው ውስጥ ገባ ብላችሁ፣ ዳር ይዛችሁ፣ ዓይኗ እስኪለምድ ቁሙ። ገበያው የትም አይሄድም።

ይህ ሁሉ የጓዳ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኒውዚላንድ፣ በዳኒዲንና በኦክላንድ ከተሞች፣ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ እይታቸው በጣም የደከመ 391 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ለአንዱ ወገን ባለሙያ ቤታቸው ድረስ ሄዶ አደጋ የሚያመጣውን ነገር ከእነሱ ጋር እየዞረ አስተካከለላቸው፤ የላላ ምንጣፍ፣ የደረጃ ጠርዝ፣ መብራት፣ መደገፊያ። ለሌላው ወገን የሰውነት ማጠናከሪያ ስፖርት ተሰጠ። ቤታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች መውደቅ በ41 በመቶ ቀነሰ፤ ስፖርቱ ብቻውን ያን ያህል አላመጣም። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ምን ማለት እንደሆነ በየቤታችን እናውቀዋለን። አንድ ጥቅል ነጭ ጥብጣብ ስንት ነው?

ማን ማንን ይይዛል?

እርጅና የደከመውን ሰው እንዴት እንደምንመራ ተመልከቱ። እጁን ጨብጠን እንጎትታለን፣ ወይም ከኋላ ትከሻውን ይዘን እንገፋለን። ሁለቱም ያስፈራሉ፤ የሚመጣውን ነገር ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነውና። በተሃድሶ ትምህርት መጀመሪያ የሚማሩት ተቃራኒውን ነው፤ እናንተ አትያዙት፣ እሱ ይያዛችሁ። ከክርናችሁ ከፍ ብሎ ክንዳችሁን ይይዛል፣ እናንተ በግማሽ እርምጃ ትቀድማላችሁ። ስትወርዱ ክንዳችሁ ይወርዳል፣ ስትቆሙ ይቆማል፤ እሱ ያንን በእጁ ያነባል። ደረጃ ላይ ቆም ብላችሁ «መውረጃ ነው» ማለት ብቻ ይበቃል።

ጀጎል ይህን ለመማር አስቸጋሪም ጥሩም ቦታ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መንገዶች ሞልተዋል፤ እርቅ መንገድ ተብላ የምትታወቀው እንዲያውም የተጣሉ ሰዎች ሳይተሻሹ ማለፍ የማይችሉባት ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ የተያዘውን ክንዳችሁን ወደ ጀርባችሁ አጥፉት፤ ይህ ምልክት ነው፣ እሱ ቀጥ ብሎ ከኋላችሁ ይሰለፋል። ሁለት ቀን ከተለማመዳችሁት ሳትነጋገሩ ትግባባላችሁ።

ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ነጭ በትር አለ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ዓይን ሳይሆን ይሉኝታ ነው። «በትር ከያዝኩማ ዕውር ሆንኩ፣ ለማኝ መሰልኩ» ይላሉ። ስለዚህ አታስገድዱ። ግን በትሩ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለባጃጁ ሹፌር መሆኑን አስረዱት፤ ሹፌሩ ዓይን ለዓይን የተያየ መስሎት ነው የሚያልፈው። ከተማውም ምልክቶቹን ይሰጣል። ግንቡ ውስጥ ብቻ 82 መስጊዶች አሉ፣ ፈረስ መጋላ ላይ መድኃኔዓለም አለ፤ የአዛኑና የደወሉ አቅጣጫ፣ የመኪና ግርግር ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ፣ የቅመም መደዳው ሽታ ለሚያዳምጥ ሰው ካርታ ናቸው። የአካባቢ ትምህርት የሚሰጡ ባለሙያዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ከቤት እስከ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለውን አንድ መንገድ ብቻ መርጦ፣ በተደጋጋሚ አብሮ ሄዶ፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ማጥናት።

ቡናው ይመለስላት

ወደ ጓዳ እንግባ። ቡና መቁላት ለዝቅተኛ እይታ የማይሆን ሥራ ይመስላል። ግን ቡና ሲደርስ በቀለሙ ብቻ አይታወቅም፤ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል፣ ዘይቱ ይወጣል። አርባ ዓመት የቆላች ሴት ጆሮና አፍንጫ ከእናንተ ዓይን ይበልጣሉ። የሚያስፈልጋት የከሰል ምድጃው ቦታ የማይቀያየር መሆኑ፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ በደንብ መታሰሩ፣ ረከቦቱም ከስኒው በቀለም የተለየ መሆኑ ነው። ጥቁር ቡና በነጭ ስኒ ይታያል። ሆጃ ወይም ሻይ በወተት ግን በነጭ ስኒ ይጠፋል፤ ለእሱ ጠቆር ያለ ኩባያ ይለይ። ሲቀዳ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ማቆም ነው። ትንሽ ይፈሳል። ይፍሰስ።

መድኃኒት ግን ግምት አይወድም። የጠዋቱ ጠብታ ጠርሙስ ላይ አንድ የጎማ ላስቲክ፣ የማታው ላይ ሁለት አስሩ። ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ መጠኑን የሚያይላት ሰው ይመደብ፤ ይህ ነፃነትን መንፈግ አይደለም። ብርን በተመለከተ ቀላሉ ዘዴ አስተጣጠፍ ነው፤ መቶው ለሁለት፣ ሁለት መቶው ለአራት፣ ሃምሳው ሳይታጠፍ። እሷ በመረጠችው ሥርዓት ይሁን፣ ቤተሰቡም ይጠብቀው። ገበያ ወጥታ ራሷ ከፍላ መልስ መቀበሏ ከቲማቲሙ የበለጠ ዋጋ አለው።

ስልክ ላይ ልጆች ሥራ አላቸው። የአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ ተደራሽነት የሚል ክፍል አለ፤ ፊደል ማተለቂያ፣ ጥቁር ዳራ በነጭ ጽሑፍ፣ ሦስቴ ሲነካ ስክሪኑን የሚያጎላ አማራጭ ሁሉም እዚያ ናቸው። የስልኩ ካሜራም አጉሊ መነጽር ነው፤ ፎቶ አንስቶ በሁለት ጣት መዘርጋት። የመድኃኒቱን ጽሑፍ በዚህ ያነበበች አያት ለጎረቤት ሁሉ ነው የምታሳየው።

ስለ አጉሊ መነጽር አንድ ምክር። ትልቅ የሆነ ሁሉ ጠንካራ አይደለም፤ በተቃራኒው ነው። አቅሙ በዳዮፕተር ይለካል፤ ያንን ለአራት ስታካፍሉት በስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ታገኛላችሁ። ባለ 12 ዳዮፕተሩ ሦስት እጥፍ ያጎላል፣ ግን ከወረቀቱ በስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ካልተያዘ አይሠራም፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳየውም ጥቂት ቃላት ነው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ወረቀቱ ላይ በእግሩ የሚቆም ዓይነት አለ። ከመንገድ ዳር በግምት የተገዛ አጉሊ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አቅሙን የሚለካው ኦፕቶሜትሪስት ነው። የመሃል እይታቸው ለጠፋባቸው ደግሞ ከአጉሊ በፊት የሚሰለጥኑት ሌላ ነገር አለ፤ የሚያዩትን ነገር ቀጥታ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ወይም ከፍ ብሎ ማየት። ጤነኛው የሬቲና ክፍል ሥራውን እንዲረከብ ነው። ስታናግሯት አሻግራ የምትመለከት ከመሰላችሁ፣ እናንተን በደንብ ለማየት እየሞከረች ሊሆን ይችላል።

የማይወራው እይታ

ከዚህ ሁሉ ብዙ ቤት የሚደበቀው ይህ ነው። እይታቸው የደከመ አንዳንድ አረጋውያን የሌለ ነገር ያያሉ። ግድግዳው ላይ አበባ፣ ግቢው ውስጥ የማያውቋቸው ልጆች፣ ጠረጴዛው ላይ ወፍ። ድምፅ የላቸውም፣ አይናገሩም፤ ያያሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። እናትየው ለማንም አትናገርም፤ «አበደች» ወይም «ጂን ያዛት» እንዳይባል። የተናገረች እንደሆነም ቤቱ ይረበሻል።

ነገሩ ስም አለው፤ የቻርልስ ቦኔ ሲንድረም ይባላል። ቦኔ የጄኔቫ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1760 የጻፈው ስለ ገዛ አያቱ ነው፤ አያትየው ወደ ዘጠና የተጠጉ፣ በሞራ ምክንያት እይታቸው የደከመ፣ አእምሯቸው ግን ንጹሕ የነበረ ሰው ሲሆኑ፣ ሰዎች፣ ወፎችና ሕንፃዎች ይታዩዋቸው ነበር። አንጎል ከዓይን የሚጠብቀው መረጃ ሲቀንስበት ባዶውን ቦታ በራሱ ሥዕል ይሞላዋል፤ የእብደት ምልክት አይደለም። መብራት ማብራት፣ ዓይንን ደጋግሞ ማርገብገብ፣ ወደ ሌላ ቦታ መመልከት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ድምፅም የሚሰማት ከሆነ፣ ወይም ግራ መጋባት፣ ትኩሳት፣ ከሰው መጣላት አብሮ ከመጣ ግን ሐኪም ሊያያት ይገባል። ለጸበልም ለዱዓም መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ ግን ከዚያ በፊት አንድ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ይህ የዓይንሽ ነው፤ አእምሮሽ ደህና ነው» ይበላት። ለወራት ፈርታ የያዘችው ምስጢር ሊሆን ይችላል።

ወዴት ትሄዳላችሁ?

እውነቱን ለመናገር፣ ለአረጋውያን የተዘጋጀ የዝቅተኛ እይታ ተሃድሶ በአገራችን በየከተማው የሚገኝ አይደለም። እይታ ለሌላቸው የተሠራው ሥራ በአብዛኛው ትምህርት ቤትን የተከተለ ነው፤ የሰበታ መርሐ ዕውራን ለልጆች ነው፣ በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም በብዛት የሚታወቀው በትምህርትና በመብት ትግሉ ነው። በሰባ ዓመቷ ማየት የደከመች አያት የማንም ዕቅድ ውስጥ የለችም። እንደ ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ኦፕቶሜትሪስቶችን እያሠለጠኑ ነው፤ ባለሙያው ወደ ክልል ከተሞች በመጣ ቁጥር ጥያቄው አገልግሎቱ አለ ወይ ከሚለው ወደ ጠይቃችኋል ወይ ወደሚለው እየዞረ ይሄዳል። ስለዚህ ጠይቁ። «ሌላ ሕክምና ከሌለ፣ ለቀረው እይታ የሚረዳ ባለሙያ የት አለ?» ብላችሁ ቃሉን በቀጥታ ተናገሩ። የነጭ በትር ልምምድና የብሬል ጉዳይ ሲሆን ከማኅበሩ ጠይቁ፤ ዕድሜ አይከለክልም።

ወደ ቀጠሮው ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃት «ምን ማድረግ አቃተሽ?» ብሎ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ አትመልሱላት። እሷ የምትለው እናንተ ከምታስቡት ሊለይ ይችላል። እናንተ ስለ ደረጃው ትጨነቃላችሁ፣ እሷ የምትፈልገው ቁርአኗን ወይም ዳዊቷን ማንበብ ይሆናል፤ ወይም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሳታጠናቅቀው የቀረውን ስፌት መጨረስ። የምትፈልገው ማንበብ ከሆነ መጽሐፉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ የፊደሉ መጠን ተለክቶ ነው አጉሊው የሚመረጠው። ስፌት ከሆነ ስፌቱን፣ ወስፌውን፣ ቀለም የተነከረውን አክርማ ሁሉ በዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ። የጠብታውን ጠርሙስና የቀድሞ መነጽሮቿንም አትርሱ፤ የተሰበረውንም ጭምር።